ልክ ነው አባዬ

ኢያቄም ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤት ሊገባ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ሚስቱና ልጁ ሲንሾካሾኩ ሰማ። ለሰው ወሬ ጆሮ የሚጥል ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ሥራው አስጎብኚነት ስለሆነ ሲያወራ እንጂ ሲያዳምጥ ያየው የለም። ግን «አባትሽ» የሚል ቃል ሰማና እግሩ አልታዘዝ አለው።

«ዛሬ እኮ ነው ፈተናቸው፣ እማዬ» ትላለች ንጋት። «ልክ ነው፣ ልክ ነው እያልኩ እዚህ አደረስኳቸው። ግማሹ ልክ አይደለም እኮ!»

«ታዲያ ምን ልትዪ ኖሯል?» አለች ሚስቱ ሸጌ። «አባትሽን ፊት ለፊት ተሳስተዋል ልትዪው?»

«ቢወድቁስ?»

«ከወደቀ ይወድቃላ! ደግሞ ይፈተናል። በዛሬ ቀን ሆዱን አታባቢው። ይልቅ ሻዩን አቅርቢለት።»

ኢያቄም ወደኋላ ተመለሰና የውሃውን ጀሪካን ሆን ብሎ በእግሩ መታው። ጉሮሮውንም ጠረገ። ሲገባ ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ፤ አንዷ ቂጣ ትቆርሳለች፣ አንዷ ሻይ ትቀዳለች፤ እንዲህ ያለ ታታሪ ቤተሰብ የለም። መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ትኩሱን ሻይ ሲጎነጭ ግን ንዴቱ ጠፍቶ በቦታው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ የትኛው ግማሽ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢያቄም አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ላሊበላ ውስጥ ጎርምሶ፣ ላሊበላ ውስጥ እንግዳ እየመራ፣ በሦስት ቋንቋ እየቀለደ ኖሯል። ዘንድሮ ግን የአስጎብኚነት መታወቂያ የሚታደሰው አስረኛ ክፍል ለጨረሰ ነው ተባለና፣ የልጅነት ትምህርቱን ከስምንተኛ ያቋረጠው ሰው ዘጠነኛ ክፍል በማታ ገባ። ታሪኩንና ጂኦግራፊውን እንደ ውሃ ጠጣው። ሂሳቡ ነው ጉሮሮው ላይ የቆመው። ሂሳቡም ሁሉም አይደለም፤ መምህሩ «ባለ ሁለት ተርም» የሚሉት፣ ሁለት ነገር ብቻ ጎን ለጎን ቆመው «ፋክተራይዝ አድርግ» የሚባልበት ነው። ሁለቱን ነገር አይቶ፣ ተባዝተው እነሱን የሚሰጡትን ፈልጎ በሁለት ቅንፍ ማስቀመጥ። አንዳንዴ ለሁለቱም የጋራ የሆነ ቁጥር አለ፣ እሱን ማውጣት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ዘጠኝ ይሆንና አንዱ ቅንፍ በመደመር፣ ሌላው በመቀነስ ይከፈላል። እዚህ ድረስ እሺ። ከዚያ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ዘጠኝ ይመጣል። ለኢያቄም መደመር ከመቀነስ የሚቀል ነገር ነው፤ መቀነሱ ከተከፈለ መደመሩማ እንዴት አይከፈልም? ስለዚህ ሁለቱንም ቅንፍ በመደመር እየሞላ ይከፍለዋል፣ ንጋትም ልክ ነው ትለዋለች።

ንጋት አስራ አንደኛ ክፍል ናት። የቤቱ የብረት በር ከውስጥ በኩል አረንጓዴ ነው፤ ኢያቄም በጠመኔ በሩ ላይ ይሠራል፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታርመዋለች። አባት በልጁ ሲታረም ጎረቤት እንዳያይ በሩ ይዘጋል። ሸጌ ይሄን ሰዓት ትወደዋለች። አንድ ክፍል ቤት ነው፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ፤ ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ክፍሉ ግን አይጨምርም። እሷ ከመጋረጃው ማዶ ሽንኩርት እየከተፈች፣ የሽንኩርት ዋጋ እየረገመች፣ «ልክ ነው አባዬ» የሚለውን የልጇን ድምፅ ስትሰማ ለራሷ ፈገግ ትላለች።

ሻዩን ጨርሶ ተነሳና ጠመኔ አነሳ። «እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ» አለ። በሩ ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፈ። ሦስት ኤክስ ሲደመር አስራ ሁለትን፣ ሦስቱን አውጥቶ፣ ኤክስ ሲደመር አራትን በቅንፍ አስቀመጠ። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ዘጠኝን በመደመርና በመቀነስ ከፈለ። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ዘጠኝን በሁለት መደመር ከፈለ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ የሠራውን ሳይሆን የልጁን ፊት ማየት ጀመረ።

«የመጀመሪያው?»

«ልክ ነው አባዬ።»

«ሁለተኛው?»

«ልክ ነው።»

«ሦስተኛው?»

«እሱም ልክ ነው አባዬ። ጎበዝ ነዎት።»

ፊቷ አልተለወጠም። አይኗን አልሰበረችም፣ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ግማሹ ውሸት መሆኑን ባይሰማ ኖሮ በመስቀል ይምልላት ነበር። የትኛው ነው ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ግን ከጠየቀ መስማቱን ሊያምን ነው፣ መስማቱን ካመነ ልጅቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ ሱሪው ላይ ጠረገና ኮቱን ለበሰ።

«እሁድ ለምሳ ምን ይዘጋጅ?» አለች ሸጌ በሩ ላይ። «እትዬ ጥሩነሽ ከሙጃ ጠዋት ነው የምነሳው ብለዋል።»

«ያለሽን» አለና ወጣ።

ይሄ የእሁዱ ነገር ከተቆረጠ ቆይቷል። ጥሩነሽ የኢያቄም ታላቅ እህት ናት። ሙጃ ከተማ፣ ገበያው አፋፍ ላይ፣ ስኳሩም ሳሙናውም ላምባዲናውም የሚሸጥበት ሱቅ አላት። ልጅ አልወለደችም፤ ኩላሊቷን ከታመመች ወዲህ ሱቁ በሰው እጅ እየዋለ ነው። «ንጋትን ስጠኝ» አለችው፤ «ልጄ ትሁን፣ ሱቁም የሷ ይሁን።» ኢያቄም አሰበበት። በዚህ ጊዜ ተምሮ ሥራ ያገኘ ማን አለ? ትምህርቱም ቢሆን አይቀርባትም፣ እዚያም ማታ መማር ይቻላል፤ እሱ ራሱ በማታ እየተማረ አይደል? ግን አባት ነኝ ብሎ አላዘዘም። በዚህ ይኮራል። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ልጄ፣ አንቺ ካልፈለግሽ ይቀራል፤ እንዲያው ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠይቋታል። እሷም «እሺ አባዬ፣ ደስ ይለኛል» አለችው። ጥሩነሽም እሁድ መጥታ ልትወስዳት ተስማሙ። ለጓደኞቹ ሁሉ እየዞረ ይሄንኑ ነው ያወራው፤ ልጄን ጠየቅኳት እንጂ አላስገደድኳትም።

የዕለቱ እንግዶች ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። በሰኔ ዝናብ የሚመጣ እንግዳ ስለማይገኝ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የያዛቸው። በባጃጅ ወደ ነአኩቶ ለአብ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ይዟቸው ወረደ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ባጃጁ እንደ ሰካራም ይወላገዳል፤ ሴትየዋ እየሳቀች ባሏን ትይዛለች። ኢያቄም ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ጋ ቀልድ አለው። ዛሬ ጣቱን ጉልበቱ ላይ እያንቀሳቀሰ ቅንፍ ይከፍታል፣ ቅንፍ ይዘጋል። ምናልባት የተሳሳተው የመጀመሪያው ይሆን? ሦስቱን ማውጣቴ? ወይስ መቀነሱ? አንዱ ቅንፍ ደምር ሌላው ቀንስ ሲል፣ እንዲህ ያለ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር እንዴት ልክ ይሆናል? ባሰበ ቁጥር ትናንት እርግጠኛ የነበረበትም ተናደበት።

ዋሻው ሥር ሲደርሱ ጫማ አወለቁ። ከዓለቱ ጣሪያ ጠብ ጠብ እያለ ድንጋይ ገንዳ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጠበል አሳያቸው፣ ታሪኩን ነገራቸው። እንግዶቹ «ይገርማል!» አሉ። ሌላ ነገራቸው። «ይገርማል!» አሉ። ይሄን ቃል በሥራ ዘመኑ ሁሉ ሲሰማው ኖሯል፤ ዛሬ ግን ጆሮው ውስጥ እንደ ንጋት ድምፅ ሆኖ ገባ። እነዚህም ልክ ነው እያሉኝ ይሆን? ምን እንደገፋው እንጃ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ከበሮ አሳይቶ፣ «የለበሰው የዝሆን ቆዳ ነው» አላቸው። የበሬ ቆዳ ነው፤ ማንም ያየ ያውቀዋል። ሰውየው ጠጋ ብሎ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ይገርማል! ውፍረቱ ያስታውቃል» አለ። ኢያቄም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመዋሸቱ ደነገጠና በልቡ አማተበ። ላርመው ብሎ አስቦ፣ ሰውየው ውፍረቱን ለሚስቱ ሲያስረዳት አፈረና ተወው።

ሲወጡ አባ ክንፈ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ኢያቄምን ከልጅነቱ የሚያውቁት ካህን ናቸው። መስቀላቸውን ተሳለመ።

«ባለፈው እሁድ ከውጭ ቆመህ አይቼሃለሁ» አሉት። «የቀደስኩት እኔ ነበርኩ። ድምፄ ይሰማ ነበር፣ ልጄ?»

አልተሰማም። የእሳቸው ድምፅ ከሞተ ቆይቷል፤ እሁድ ከመቅደሱ መጋረጃ አልፎ የወጣው ሳላቸው ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ አሜን የሚልበትን ቦታ ያወቀው በልማድ ነው።

«ኧረ አባ!» አለ ኢያቄም። «ጥርት ብሎ ነው እንጂ! እንደ ድሮዎ ነው።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «አንተን እኮ ነው የምጠይቀው» አሉ፤ «ሌሎቹ ያባብሉኛል።»

ባጃጁ ውስጥ ሲመለስ ራሱን ታዘበ። ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስብ ነው። ሊያታልላቸው አልፈለገም፤ ይወዳቸዋል። ንጋትስ እንዲሁ አይደለችም? እንዲያው በልጅቱ ተናድዶ ነበር እንጂ፣ እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርገው የኖረው ይሄንኑ ነው። ታዲያ እንዲህ ከሆነ በዚህ አገር ማን ለማን ነው እውነት የሚነግረው? ይሄን ሲያስብ ራሱን አመመው፤ ፈተናው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነጅሚያን አገኛት። ነጅሚያ ገበያ ዳር ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ማታ ማታ ከጎኑ የምትቀመጥ ወጣት ሴት ናት። አፏ እንደ ልቧ ነው። ከወር በፊት የሠራውን አየት አድርጋ፣ «ጋሽ ኢያቄም፣ ይሄኛው ልክ አይደለም» ብላው ነበር። እሱም «ልጄ አይታዋለች፣ ልክ ነው ብላኛለች» ብሎ ዘጋት፤ ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም። አሁን ኩራቱን ዋጠና አጠገቧ ቆመ።

«ያኔ ልክ አይደለም ያልሽኝ የቱን ነበር?»

«አስታወሱት እንዴ!» ሳቀች። «የሚደመረውን ነዋ። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ዘጠኝ አይከፈልም።»

«በምን አውቃለሁ? አንቺ አይከፈልም ትያለሽ፣ ሌላው ይከፈላል ይላል።»

«ማንንም አይመኑ፣ ወላሂ እኔንም አይመኑኝ። በኤክስ ቦታ አንድ ያስገቡ። አንድና ዘጠኝ ስንት ነው? አስር። የርስዎ ቅንፍ ውስጥስ? አንድና ሦስት አራት፣ አንድና ሦስት አራት፤ አራት ጊዜ አራት አስራ ስድስት። አስርና አስራ ስድስት አንድ ናቸው?»

ኢያቄም በመቀነሱ ደግሞ ሞከረው፤ ገጠመ። ሦስቱን ባወጣበትም ሞከረው፤ ገጠመ። እና እንደዚህ ነበር ቀላሉ? የሚያባብለውን ሰው ፊት ሲያጠና ከሚውል፣ ቁጥር አስገብቶ ማየት ነበረበት።

«ታዲያ ፈተናው ላይ ከመጣ ምን ብዬ ልመልስ?»

«አይከፈልም ብለው ይጻፉ። እሱም መልስ ነው።»

ለሌላ ሰው ይሄ ቀላል ነው። አስጎብኚ ግን «የለም»፣ «አላውቅም»፣ «አይከፈትም» የሚባል ቃል አልፈጠረበትም፤ የተዘጋ በር ካለ ለምን እንደተዘጋ ታሪክ ይነግራል እንጂ ባዶ እጁን እንግዳ አይሸኝም። ፈተናው ሲታደል ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አስራ ስድስት አራተኛው ጥያቄ ሆኖ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። እጁ ለምዶበት ቅንፍ ሊከፍት ተነሳ፤ ያዘው። በኤክስ ቦታ አምስት አስገባ። አርባ አንድ። በሁለት መደመር ከፈለው፤ ሰማንያ አንድ። አንዱን ደምር አንዱን ቀንስ አደረገው፤ ዘጠኝ። ሁለቱንም ቀነሰ፤ አንድ። አላበው። በመጨረሻ አይኑን ጨፍኖ እንደሚዘል ሰው «አይከፈልም» ብሎ ጻፈ። የፈራውን ያህል አልከበደም።

ሌላውን ጥያቄ ሊቀጥል ሲል ግን የጠዋቱ የንጋት ፊት መጣበት። ያ የማይለወጠው፣ አይኑን የማይሰብረው ፊት። ያንን ፊት ከዛሬ በፊት የት ነው ያየሁት? ብሎ አሰበ፤ ወዲያው አወቀው። እራት ላይ ነው። እሺ አባዬ፣ ደስ ይለኛል፤ ያለችው በዚሁ ፊት ነው። እስክሪብቶው እጁ ላይ ቆመ። ፈራ፤ የፈተናው ፍርሃት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። አንዴ በእርግጥ ደስ ብሏት ነው ይላል፤ ልጅቱ አክስቷን ትወዳለች፣ ከዚህ ጠባብ ቤትም ትወጣለች። ደግሞ ወዲያው፣ በሂሳብ የምትጫወት ልጅ ሱቅ ውስጥ ሳሙና ስትቆጥር ይታየዋል። የትኛው ነው እውነቱ? የቀሩትን ጥያቄዎች ምን ብሎ እንደመለሰ እሱም አያውቅም፤ ነጅሚያ በር ላይ «እንዴት ነበር?» ስትለው ሳይመልስላት አለፈ።

ቤት ሲደርስ ገና አልመሸም። ሸጌ ምስር እየለቀመች ነው። ንጋት አልጋው ላይ ልብሷን እያጣጠፈች በአንድ ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፤ መጻሕፍቷ ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ ሻንጣው ውስጥ አንድም አልገባም። እንዴት ነበር ፈተናው አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ። ኢያቄም ኮቱን ሳያወልቅ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ምን እንደሚያደርግ ያወቀው ያኔ ነው። መሞከሪያውን ከነጅሚያ ተምሯል።

«የሚደመረው መጥቶ ነበር» አለ። «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አስራ ስድስት። ኤክስ ሲደመር አራት፣ ኤክስ ሲደመር አራት ብዬ ከፈልኩት። በሁለት ቅንፍ።»

ውሸቱን ነው። ሸጌ ምስሩ ላይ አቀረቀረች። ኢያቄም የልጁን ፊት እያየ በሕይወቱ ለምኖ የማያውቀውን ለመነ፤ ተሳስተዋል በይኝ፣ እባክሽ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ተሳስተዋል በይኝ። ያን ብትለው፣ እራት ላይ እሺ ያለችውም የእውነት እሺ ነበር፤ እሁድ ደስ እያለው ይሸኛታል።

«ልክ ነው አባዬ» አለች ንጋት። «ጎበዝ ነዎት።»

አይኗን አልሰበረችም። ቀሚስ እያጣጠፈች ነበር፣ እጇም አልቆመ። ኢያቄም ለረጅም ጊዜ አያት። ያደገችው አይኑ ሥር ነው፤ ግን ይህቺን ልጅ ምን ደስ እንደሚላት አንድ ነገር ጥራ ቢባል ምን ይላል? አያውቅም። እሱ ጠይቆ አላወቀም ማለት አይደለም፤ በጠየቀ ቁጥር ልክ ነው ተብሏል።

«የሙጃውንስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ደስ ብሎሻል?»

«በጣም አባዬ።»

ተነስቶ ወጣ። ግቢው ጭቃ ነው፤ አጥሩ ሥር፣ ኔትወርክ ትንሽ የሚሻልበት ቦታ ቆሞ ሙጃ ደወለ። እህቱ ወዲያው አነሳችው፤ ድምጿ ደስ ያለው ነበር፤ የንጋትን አልጋ አንጥፋ መጨረሷን፣ ለእሁድ መኪና ማግኘቷን ስትነግረው ላለማቋረጥ ታገለ።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «እሁድ አትምጪ። ንጋት አትሄድም።»

የታመመች ሴት ናት፤ አልጋ ያነጠፈች ሴት ናት፤ ይሄን ሊነግራት ከብዶት ነበር።

«ምነው ወንድሜ?» አለች ጥሩነሽ። «ልጅቱ እምቢ አለች?»

«አይ» አለ ኢያቄም። «እሺ ብላለች።»

«እሺ ካለች ታዲያ ምን ሆንክ?»

ሊያስረዳት ፈለገ፤ ከየት እንደሚጀምር ግን ጠፋው። ቤት ውስጥ ልጁ የሻንጣውን ዚፕ ስትዘጋ ይሰማዋል።

«እሺ ስላለችኝ ነው፣ እትዬ» አላት።